ባለፉት ሰባት ቀናት

ከለገሃር ጀርባ፣ ጎሕ ሳይቀድ ማለዳ፣
ሰው ቆሟል በመቶ፣ በቆርቆሮው ግድግዳ፤
አካፋው ትከሻው፣ ምሳው በፌስታል፣
አንዱ እጁን ያሟሙቃል፣ ሌላው ያዛጋል።
እኔም ቅጼን ይዤ፣ ባጅ አንጠልጥዬ፣
መጣሁ፣ "የሥራ ኃይሉን ቆጥረሽ ነይ" ተብዬ።

"ባለፉት ሰባት ቀናት" ይላል ጥያቄዬ፣
"ለአንድ ሰዓት እንኳን ሠርተዋል፣ ጌታዬ?"

ላምቤቦ እንበለው (ስሙን ቀይሬዋለሁ፣
ምስጢር ላላወጣ ምዬ ተቀጥሬያለሁ)።
ከሆሳዕና መጥቶ ስምንት ክረምት ቆጥሯል፤
መልስ ከመስጠቱ በፊት ጉሮሮውን ጠርጓል፦

"መቆም ሥራ ከሆነ፣ ሰባቱንም ቆሜያለሁ፤
መመረጥ ከሆነ ግን፣ ሁለቴ ተመርጫለሁ፤
ማሳል ሥራ ከሆነ፣ እሱን እንኳን ተዪው፣
ሌሊቱን በሙሉ ትርፍ ሰዓት ነው የምሠራው።"

ለሳል ኮድ የለኝም።
አንድ፣ የሠራ ነው። ሁለት፣ የፈለገ።
ሦስት፣ "ከሥራ ኃይል ውጭ" ይላል፤ ማን እንደ ደነገገው እንጃ፣
ሽማግሌውን፣ ተማሪውን፣ አልጋ ላይ የዋለውን
በአንድ ሳጥን ያጨቀው።
እርሳሴን ነክሼ ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ።

"ልጆችስ?"
"አምስት። ስድስተኛው በመንገድ ላይ ነው።
ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይል ነበር አባቴ።"
"ዕድሉስ?"
"ያውልሽ፣ ከኋላዬ ቆሟል። አካፋ የለውም።"
ዞር አልኩ፦ ኤርጎጌ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
የትምህርት ቤት ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ።

አይሱዙው ደረሰ።
ካቦው ከጋቢናው ሳይወርድ ጣቱን ዘረጋ፣
"አንተ! አንተ! ያ ባለ ኮፍያ!"
አሥራ ሁለት ሰው ነው ዛሬ የሚፈልገው።
ላምቤቦ ደረቱን ነፍቶ ትንፋሹን ዋጠ፣
ጣቱ እስኪያልፍ፣
ዐይኑ ውሃ እስኪሞላ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምተን አድገናል፤
ሃምሳ ሰው ለአንድ ሎሚ ሲሰለፍስ ምን ይባላል?
ደግሞ ከሃምሳው ውስጥ፣ ቢቆጠር በእውነቱ፣
ስንቱ ነው ጉልበት የቀረው ከጉልበቱ?

መድኃኒት ጀምሮ ነበር።
ሁለት ወር ዋጠ፣ ላቡ ቆመ፣ ፊቱ ሞላ፣
ድኛለሁ አለ።
ጤና ጣቢያው የሚከፈተው በሁለት ተኩል፣
አይሱዙው የሚሄደው በአሥራ ሁለት ተኩል፤
በሁለቱ ተኩሎች መሃል
የአራት ወር ክኒን ወደቀ።

ሲስተር እልፍነሽ ግን ቆጠራዋን አልዘጋችም።
በጋወኗ ላይ ጃኬት ደርባ፣ መዝገብ በብብቷ፣
ሰልፉን በክንዷ እየከፈለች መጣች።
"ስትጠፋ ጊዜ ራሴ መጣሁ። እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው።
አክታህን እዚህ። ኤርጎጌ፣ አንተም፤ በአንድ ክፍል ነው የምታድሩት።
ክኒኑን በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ አመጣለሁ፤
ፊቴ ትውጣለህ፣ ከዚያ ለካቦህ ትቆማለህ።"

ሰው ሸሸ። ዙሪያቸው ክብ ባዶ ሆነ።
አንዱ በነጠላ አፉን ሸፈነ፣ አንዱ ወደ ሰማይ አየ።
ካቦው ከጋቢናው ወረደ።
ሊያባርራቸው ነው ብዬ ቅጼን አጠፍኩ።
ቀረብ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
"ሲስተር፣ እኔም እኮ ማታ ማታ ያልበኛል።"
ሌላ ባለ ክዳን ብልቃጥ አወጣች፣
ስሙን ጠየቀች፣
እንደኔው ጻፈች።

ፒያሳ፣ ቢሮ ስመለስ፣ ተቆጣጣሪዬ ገጹን አንኳኳ፦
"ይቺ ሳጥን ባዶ ናት። ባዶ አይፈቀድም።"
"ስድስት ወር ስጠኝ" አልኩት።
ሳቀ። ለዓርብ ነው የሚፈለገው።
"ሁለት ቀን ሠርቷል አይደል? አንድ ሰዓትም ይበቃል ይላል መመሪያው።"

አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣ ሳልጫን፤
ሳል እንደሌለ፣
ኤርጎጌ ሹራቡን እንዳልገለበጠ።